«በደም ያለ ነው» ለምትሉ ወዳጆቼ

ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል። አሁን የማይመቻችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ጋደም ስትሉ አንብቡት።

ፌስቡክ ላይም፣ ቡና ላይም፣ የወላጅ ስብሰባ ላይም የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች፦ «በደም ያለ ነው»። ልጁን ሒሳብ ካስቸገረው «አባቱም እንዲሁ ነበር፣ በደሙ ነው»። የደጋ ሰው ዳገቱን ሳያለከልክ ከወጣ «በደሙ ነው»። ይባስ ብሎ አንዱን ሕዝብ ጀግና፣ ሌላውን ተንኮለኛ የሚያደርግ ፖስት ሥር ገብታችሁ ኮሜንቱን ብታነቡ ማሳረጊያው ያችው ናት። በቅርቡ ደግሞ ይህች አባባል ዘመናዊ እህት አግኝታለች። «ጦርነትና ረሀብ ያየ ሰው ጉዳቱ ጂኑ ላይ ታትሟል፤ ልጁም የልጅ ልጁም ይሸከመዋል» የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ ይዞራሉ። «ኤፒጄኔቲክስ» የሚል ቃል ስላለባቸው ሳይንስ ሳይንስ ይሸታሉ።

የሁለቱ ቋንቋ ይለያይ እንጂ ፍርዳቸው አንድ ነው፦ ተጽፏል፣ አልቋል፣ ምንም አይደረግም። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ በዚህ አልስማማም። ሰው ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ሕዋሳችን ውስጥ ያለው ነገር እንደዚያ አይሠራም፣ ለዚያ ነው። ማስረጃዬ ተማሪ በአንድ መስመር ሸምድዶ የሚያልፋት ኑክሊዮሶም ናት። ምሳሌዬ ደግሞ ከሩቅ አይመጣም፤ ከሊማሊሞ ታችና ከሊማሊሞ ላይ ነው።

እስኪ ከርዝመት እንጀምር። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ፣ ከእናትም ከአባትም የመጣው ተደምሮ፣ ከ6 ቢሊዮን በላይ ጥንድ ፊደላት አሉት። በሁለት ተከታታይ ፊደላት መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖሜትር ነው። አባዙት፤ ሁለት ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ ሁለት ሜትር ክር የሚቀመጠው ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ቢሆን ነው በሚባል ኒውክለስ ውስጥ ነው። እንዴት ገባ?

እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ አይታችኋል። ፈትሉ እንዲሁ ቢለቀቅ ቤቱን ሞልቶ ይተበተባል። እንዝርት ላይ ሲጠቀለል ግን ያ ሁሉ ክር መዳፍ ውስጥ ይገባል። ሕዋስም ያደረገው ይህንኑ ነው። እንዝርቶቹ ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ኤች2ኤ፣ ኤች2ቢ፣ ኤች3 እና ኤች4 የሚባሉት አራቱ ዓይነቶች ሁለት ሁለት ሆነው ስምንት ይገጣጠማሉ። በዚህ የስምንት ስብስብ ላይ 147 ጥንድ ፊደል የሚያህል ዲኤንኤ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ይጠመጠማል። ኑክሊዮሶም ማለት በቃ ይህ ነው። ከዚያ ጥቂት ክር ነጻ ይተውና ሌላ ኑክሊዮሶም ይከተላል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ አሉ። ዲኤንኤውና ሂስቶኑ አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ጥቅል ክሮማቲን ይባላል።

ይህን ለማወቅ ጊዜ ፈጅቷል። ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል ሂስቶንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ በእኛ አፄ ዮሐንስ ዙፋን ላይ ሳሉ ማለት ነው። ሮጀር ኮርንበርግ «ሂስቶኖቹ ስምንት ሆነው ይገጣጠማሉ፣ ክሩም በየተወሰነ ርቀት ይደጋገማል» የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ከ90 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ካሮሊን ሉገር፣ ቲሞቲ ሪችመንድና ባልደረቦቻቸው በኤክስሬይ የኑክሊዮሶምን ቅርጽ ክሩ የት ጋ እንደሚታጠፍ ሳይቀር አሳዩ። እኔ በተወለድኩበት ጊዜ ያ ቅርጽ በዚህ ጥራት በዓለም ላይ አልታየም ነበር። ለተማሪ «ድሮ ያለቀ ነገር» አድርገን ስናስተምረው ይገርመኛል።

አሁን ቁም ነገሩ ጋ ደረስን። ክሩ እንዝርቱ ላይ የሚጣበቀው በምንድን ነው? በቻርጅ ነው። ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ነው፤ ሂስቶን ላይሲንና አርጂኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ስለበዙበት ፖዘቲቭ ነው። ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ፤ ኬሚስትሪ ላይ የተማርነው ነው። ከእያንዳንዱ ሂስቶን ደግሞ ወደ ውጭ የወጣ ጭራ አለ። ሕዋስ ክሩን ማላላት ሲፈልግ ኤንዛይም ልኮ እዚያ ጭራ ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ ነገር ያስለጥፋል። አሴቲል ሲለጠፍ የላይሲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይጠፋል፤ መያዣው ይላላል፤ ክሩም ለአንባቢ ይከፈታል። ማጥበቅ ሲፈልግ ሌላ ኤንዛይም መጥቶ አሴቲሉን ይልጠዋል። ሜቲል የሚባል ሌላ ምልክትም አለ፤ ይኼኛው እንደ ቦታው ነው። ኤች3 ላይ 4ኛው ላይሲን ላይ ሦስት ሜቲል ከተለጠፈ ብዙውን ጊዜ «ክፍት ነው፣ አንብቡ» ማለት ነው። እዚያው ጭራ ላይ 27ኛው ላይሲን ላይ ሲለጠፍ ደግሞ «ዝጉ» ማለት ነው።

የዓይናችሁና የጉበታችሁ ሕዋስ የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። አንዱ ብርሃን እያየ ሌላው መርዝ እያጠበ የሚኖረው መጽሐፉ ተለይቶ አይደለም፤ የተገለጠው ገጽ ተለይቶ ነው። እንግዲህ ፊደሉ መኖሩ ብቻ ምንም ማለት አይደለም። ጥቅል ውስጥ ያለ ፊደል አይነበብም።

ጥቅሉ ደግሞ ቆልፎ የተቀመጠ ሳጥን አይደለም። ሥራቸው ኑክሊዮሶምን ማንቀሳቀስ ብቻ የሆነ የፕሮቲን ማሽኖች አሉ። ኤቲፒ እያቃጠሉ፣ ማለትም ጉልበት እየከፈሉ፣ እንዝርቱን በክሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትቱታል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ነቅለው ያወጡታል፤ አንዳንዴም አንዱን ሂስቶን በሌላ ዓይነት ይለውጡታል። ከእነዚህ ማሽኖች በጣም የታወቀው ስዊ-ስኒፍ የሚባለው ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው እርሾ ላይ ነው። አዎ፣ ዳቦ የሚያነሳው፣ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው እርሾ! ማሽኑ የተበላሸበት እርሾ ጾታውን መቀየርና ስኳር ማብላላት ያቅተው ስለነበር ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ይኸው ማሽን እኛም ውስጥ አለ። በሰው ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ውስጥ በአምስት አንዱ ገደማ የዚህ ማሽን አንድ ክፍል ተሰብሮ ይገኛል። የተሳሳተውን ምልክት ለመቀልበስ የተሠሩ መድኃኒቶችም አሉ፤ አሴቲል የሚልጡትን ኤንዛይሞች የሚያግደው ቮሪኖስታት በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። «የተጻፈ አይቀየርም» የሚል ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ፊደሉ ሳይነካ ንባቡ ተቀየረ ማለት እኮ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንውጣ።

ሳንቃ በር ላይ ከመኪና የወረደ እንግዳ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ሲያለከልክ ሁላችንም እናውቃለን። እዚያው አጠገቡ የእኛ ልጅ በጎቹን እያባረረ ዳገቱን በሩጫ ይወጣል። በ3,500 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳር ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ታዲያ ልጁ እንዴት ቻለው? የቡና ላይ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ «በደሙ ነው»።

ደሙ ተለክቷል ብላችሁስ? ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን ዶ/ር አምሃ ገብረመድኅንን ጨምሮ ከባልደረቦቿ ጋር፣ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ሆነ። ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ዳርቻ ሰው ቁጥሮች ናቸው! በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ባይጨምርም ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የእኛ ሰው ሁለቱንም አላደረገም። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ነው «ሦስተኛ መንገድ» ያሉት።

ነገሩን አያችሁት? «በደሙ ነው» የምንለው ሰው ደሙ ሲለካ ሞምባሳ ካለ ሰው ደም የሚለይበት ነገር አልተገኘም። ምስጢሩ ሌላ ቦታ ነው።

የት ነው? እስኪ አየር ሲሳሳ ሕዋስ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ኦክስጅን ሲበዛ ምልክት ተደርጎበት ወዲያው ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ሳይፈርስ ወደ ኒውክለስ ገብቶ ብዙ ዘረ መሎችን ያስነሳል። ይህን ያገኙት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ሂፍ ታዲያ ኒውክለስ ሲገባ የሚያገኘው የተዘረጋ ክር አይደለም፤ ጥቅል ነው። በአብዛኛው የሚያርፈው ቀድሞ በላላ ቦታ ላይ ነው። አርፎም አሴቲል የሚለጥፉ ኤንዛይሞችን ይጠራና ያንን ቦታ ይበልጥ ያላላዋል። ለዚህ ነው አንዱ ሂፍ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሥራ፣ ጡንቻ ውስጥ ሌላ ሥራ የሚሠራው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። በዚያው በ2019 ሁለት ቡድኖች፣ ክሮማቲን ራሱ ኦክስጅንን በቀጥታ እንደሚያውቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ባደጉ ሕዋሳት አሳዩ። ከሂስቶን ላይ ሜቲል የሚያነሱ አንዳንድ ኤንዛይሞች ለሥራቸው ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ኬዲኤም6ኤ የሚባለው፣ ያንን 27ኛ ላይሲን ላይ ያለውን «ዝጉ» የሚል ምልክት የሚያነሳው ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ይደክማል፤ ምልክቱ ሳይነሳ ይቀራል። ስለዚህ የምንተነፍሰው አየር እስከ እንዝርቱ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ የመጣብኝ የአምባራስና የጭነቅ ልጅ ነው። የዚያ ልጅ ሕዋሳት ከጽንሱ ጀምሮ በዚህ አየር ውስጥ ነው ክራቸውን ሲጠቀልሉና ሲፈቱ የኖሩት።

እዚህ ላይ ግን ቲክቶክ እንዳይሆንብኝ። «የስሜን ሰው ምስጢር ኤፒጄኔቲክስ ነው» ብዬ ብለጥፍ ሼሩ ይበዛልኝ ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። ከስሜን ተራሮች በ3,700 ሜትር ላይ ከሚኖሩ አማሮችና ከሊማሊሞ ታች ከዛሪማ በ1,200 ሜትር ላይ ከሚኖሩ አማሮች፣ እንደዚሁም ከባሌ ተራሮችና ከዚያ ዝቅ ካለ ቦታ ከሚኖሩ ኦሮሞዎች ናሙና ተወስዶ ተነጻጸረ። ሦስት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የቲቤትን ሰዎች ሄሞግሎቢን የሚወስኑት የዘረ መል ልዩነቶች የእኛን ሰዎች ሄሞግሎቢን አይወስኑም። ሁለተኛ፣ በደገኛውና በቆለኛው መካከል ጎልተው የወጡት ልዩነቶች ከኦክስጅን ይልቅ በሽታን ከመከላከል ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ቆላ ወባ እንዳለ ለምናውቅ ሰዎች አይገርምም። ሦስተኛ፣ ተመራማሪዎቹ ዲኤንኤው ላይ የሚለጠፈውን ሜቲልም ለክተዋል። ይህ ምልክት ሂስቶን የሚያጠብቁ ፕሮቲኖችን የሚጠራ ነው። በደገኛና በቆለኛ መካከል የጎላ ልዩነት የታየው በኦሮሞዎቹ ናሙና በተወሰኑ ዘረ መሎች ላይ ነው፤ በአማሮቹ ላይ አልታየም።

እንግዲህ ይህን ውጤት ለሁለት ዓይነት ሰው ብታሳዩት ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንዱ «ይኸው፣ አማራና ኦሮሞ በደም ይለያያል» ይላል። ወንድሜ፣ ቀስ በል። ጥናቱ ያነጻጸረው ዛሪማን ከስሜን፣ የባሌን ቆላ ከባሌ ደጋ ነው፤ ማለትም አንድን ሕዝብ ከራሱ ጋር። የለካውም የተራራን ኑሮ እንጂ ጠባይን አይደለም። ሁለት የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ያሉ ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ችግር የተለያየ መልስ አገኙ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ «ታዲያ ጂንም አይደለም፣ ክሮማቲንም አይደለም፣ ምን ትላለህ?» ይላል። የምለው አንድ ነው፦ ይህን ያህል የተመረመረ ነገር እንኳ በአንድ ቃል አልተቋጨም። አንተ ታዲያ የጎረቤትህን ልጅ የሒሳብ ውጤት በአንድ ቃል ልትቋጨው ነው?

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ገብቶ የጭና ሰው ምን እንዳየ፣ ደባርቅ ስንት ተፈናቃይ እንዳስተናገደች ለእናንተ አልነግራችሁም። በ2015 እና በ2016 ደግሞ ጃናሞራና በየዳ ድርቅ መታቸው። ያንን ያየ ልጅ ዛሬ ክፍላችን ውስጥ ተቀምጧል። ለዚህ ልጅ «ጉዳቱ ጂንህ ላይ ታትሟል፣ ለልጆችህም ታወርሰዋለህ» ብሎ መንገር ሳይንስ አይደለም። ጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው።

መከራ ምልክት አይተውም እያልኩ አይደለም። ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በኔዘርላንድ በጦርነት ምክንያት ረሀብ ሆኖ ነበር። በዚያ ጊዜ የተጸነሱ ሰዎች ከስልሳ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ለዕድገት በሚያስፈልግ አንድ ዘረ መል ላይ ያለው ሜቲል ካልተራቡት ወንድምና እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ልብ በሉ፤ የተመረመሩት ረሀቡ ራሳቸውን በማሕፀን ያገኛቸው ሰዎች ናቸው። «ለልጅ ልጅ ይወርዳል» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚያ መንገድ ላይ ተፈጥሮ ትልልቅ ማጥፊያዎች አስቀምጣለች። የአባት የዘር ፍሬ ሲሠራ አብዛኛው ሂስቶን ወልቆ ፕሮታሚን በሚባል ሌላ ፕሮቲን ይተካል። ፅንሱ ገና ጥቂት ሕዋስ ሳለም አብዛኛው የሜቲል ምልክት ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጻፋል። በአንዳንድ ቦታ ሳይጠረግ የሚቀር አለ፤ አይጦች ላይም ታይቷል። በሰው ላይ ግን «የአያት ስቃይ በክሮማቲን ወርዶ የልጅ ልጅን ይዟል» የሚያሰኝ ጽኑ ማስረጃ የለም። የአያት ስቃይ በሌላ መንገድ ይወርዳል፤ በድህነት፣ በዝምታ፣ በተሸጠ በሬ፣ ከትምህርት በቀረች እናት። እነዚህ ደግሞ የሰው ሥራ የሚለውጣቸው ናቸው።

የራሳችንን አገር ማስረጃ ልጨምር። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የ1977ቱን ረሀብ በልጅነታቸው ያዩ ኢትዮጵያውያንን ከሃያ ዓመት በኋላ አጥንተዋል። ረሀቡ በበረታበት ጊዜ ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ የነበራቸው የተጎዱ ልጆች አድገው ቁመታቸው ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ተገኘ። በማሕፀን በነበሩት ላይ ግን እንዲህ ያለ የጎላ ልዩነት አልታየም። ይህ ምን ያስተምረናል? ወሳኙ ጡት የሚጥልበት፣ ገንፎ የሚፈልግበት ዕድሜ ላይ ያለው ምግብ ነው። «በደሙ አጭር ነው» ከምንል የሁለት ዓመቱ ልጅ ዛሬ ማታ ምን በላ ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ነው።

ትምህርትም እንደዚሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ለአንድ ልጅ «በደሙ ነው» ማለት ቀላል ነው። ለመቶ ዘጠና ስድስቱስ? የአገር ልጅ ሁሉ ደም በአንድ ዓመት ተበላሸ ልንል ነው እንዴ? የተበላሸው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጽሐፍ የሌለው ክፍል፣ ላቦራቶሪ የሌለው ባዮሎጂ፣ በጦርነትና በኮቪድ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ደመወዙ የማይበቃው መምህር። አይጦች አዲስ ነገር ሲማሩ አንጎላቸው ውስጥ የሂስቶን አሴቲል እንደሚጨምር ታይቷል። መማር ራሱ እንዝርቱን ይነካል ማለት ነው። ያልተማረን ልጅ «ክሩ አይፈታም» ከማለታችን በፊት ለመፍታት ሞክረናል ወይ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ለሙያ ባልደረቦቼ። ኑክሊዮሶምን «ዲኤንኤ በሂስቶን ላይ ሲጠቀለል» ብለን አጽፈን አንለፍ። እንዝርትና ፈትል ከየቤቱ ይገኛል፤ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ በጀት አይጠይቅም። ክሩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ተማሪው ምልክቱን ፈልጎ እንዲያገኝ ጠይቁት፣ ሲያጣው አንድ ዙር ፍቱለት። ጥቅል ፊደል እንደማይነበብ በዚያች ደቂቃ ይገባዋል። ፈተናው ላይም አይጠፋበትም።

ሁለተኛ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን። የስሜንና የዛሪማ ሰው ደምና ምራቅ ስም ባላቸው መጽሔቶች ላይ ጥናት ሆኗል፤ የእኛ ተማሪ ግን ስለ ቲቤት ሲሰማ ስለ ራሱ ተራራ አልሰማም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝቡን ልደትና ሞት የሚከታተል የምርምር ማዕከል አለው። ደባርቅ ደግሞ አሁን የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከአንድ ከተማ መነሃሪያ ተነስቶ በአንድ ቀን ከ1,200 ሜትር እስከ 3,600 ሜትር ሰው የሚያገኝ ተመራማሪ ሌላ የት አለ? የግጭ ሰው በ2008 ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ሰፍሯል፤ ዘረ መሉ ያው፣ አየሩ ግን ሌላ። የሚጠየቅ ጥያቄ ሞልቷል። ጥያቄውን የሚጠይቁት የእኛ ልጆች ቢሆኑ፣ መልሱም በአማርኛ ተጽፎ ናሙና ለሰጠው ገበሬ ቢመለስለት ደስ ይለኛል። ደሙን የሰጠ ሰው ምን እንደተገኘበት ማወቅ መብቱ ነው።

ሦስተኛ ለሁላችንም። ልጆቻችን ፊት «በደም ያለ ነው» ማለት እናቁም። ለስድብም፣ ለሙገሳም። «የጀግና ዘር ነህ» የተባለ ልጅ ነገ ሲፈራ ራሱን ይጠላል፤ «የሰነፍ ዘር ነህ» የተባለ ልጅ መጽሐፉን አይገልጥም። ከእናትና ከአባት የወረስነው ፊደል አለ፤ አልክድም፣ ብዙ ነገር ይወስናል። ግን በዚያ ፊደል ላይ 30 ሚሊዮን እንዝርት ተቀምጧል። በየደቂቃው ጉልበት እየተከፈለበት ይዞራል፣ ይንሸራተታል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። የምንበላው፣ የምንተነፍሰውና የምንማረው ነገር እዚያ ይደርሳል። ቢያንስ ሕዋሳችን ያላለቀውን ነገር እኛ «አለቀ» አንበል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ጤና ሳይንስና ባዮቴክኖሎጂ እየተማራችሁ ያላችሁ፣ የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ ሙሉልኝ። መምህር የሆናችሁ ደግሞ የእንዝርቱን ነገር ክፍል ውስጥ ሞክሩትና እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።

ቸር እንሰንብት።